መልሰው የመረጠው ላፕቶፕ

ተናኘ በወንድሟ ላይ የጮኸችበትን ቀን አልረሳውም፤ አብሬያት ነበርኩና።

ሰቆጣ አጠገብ ባለችው ጋዝጊብላ ወረዳ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እሷ ሒሳብ ታስተምራለች፣ እኔ አማርኛ። ከባሏ ከተፋታች በኋላ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ድሮ ላፕቶፕ ነበራት፤ ከሥራ ስትገባ የኳስ ጌም ትጫወትበት ነበር። እሱም በጦርነቱ ጊዜ ከነብርድ ልብሷ ተዘረፈ። ዘንድሮ ለክረምት የማስተርስ ትምህርት ስታልፍ ግን ሌላ ለመግዛት ቆረጠች።

ሰቆጣ ውስጥ ዘከሪያ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ አለ። ሱቁ ገብታ እስኪሰለቸው ድረስ ጠየቀችው። መጀመሪያ አንድ ወፍራም አወጣላት፤ ጌም እንደ ልብ ያጫውታል፣ ግን ይከብዳል፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ወዲያው ይሞታል። «ይሄ ለኛ መብራት አይሆንም» አለችው። ቀጥሎ ያሳያት ቀጭን ነው፤ ባትሪው ጎበዝ ነው፣ ጌም ሲከፈትበት ግን ይንቀራፈፋል። ሦስተኛው መካከለኛ ነበር። አይከብድም፣ ራሙ በቂ ነው፣ ደህና ግራፊክስ ካርድም አለው። ለጥናቱም ለኳሱም ይሆናል።

«ይሄን አስቀምጥልኝ» ብላው ወጣች።

በሳምንቱ ፈተና መጣና ከትምህርት ቤት መውጣት አልቻለችም። ታላቅ ወንድሟ መልሰው ሰቆጣ የቢሮ ሠራተኛ ነው። «እኔ ከፍዬ አመጣልሻለሁ፤ ምን አደከመሽ?» አላት። የትኛው እንደሆነ በስልክ ደጋግማ ነግራው ገንዘቡን ላከችለት።

እሑድ ካርቶኑን ታቅፎ መጣ። እኔም እሷ ቤት ነበርኩ። ከፈተችው፤ ቀጭኑ ነው።

«መልሰው፣ ይሄ አይደለም የመረጥኩት።»

«ያኛው የጌም ነው። የምትገዢው ለትምህርት አይደለም እንዴ?»

«ለሁለቱም ነው ያልኩህ!»

«ኧረ ሰው ምን ይላል? ስንት ተማሪ የምታስተምር ሴትዮ እንደ ሕፃን ጌም ስትነካካ!»

«አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ፑል ቤት ውለህ ስታመሽ ማን ምን ብሎህ ያውቃል?»

«እኔ ወንድ ነኝ» አላት።

ላፕቶፑን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ከተተችና ነጠላዋን አነሣች። «ተነሥ፤ ሱቁ ድረስ አብረኸኝ ትሄዳለህ። አንቺም ነይ» አለችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። መልሰው ሰቆጣ እስክንገባ ከኋላ ሆኖ «ለሷ ብዬ እኮ ነው» እያለ ያጉረመርምብኛል።

ዘከሪያ ካርቶኑን ሲያይ ደነገጠ። «ምነው እትዬ ተናኘ፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አስቀምጥልኝ ያልኩህ ሌላ፣ የሰጠኸው ሌላ። ለምን?»

«እሱ ነው እኮ ሐሳቧን ቀይራለች ያለኝ። ‹ጌሙ ይቅርብኝ ብላለች› አለኝ።»

ወደ ወንድሟ ዞረች። «እንዲህ ብያለሁ?»

«ለአንቺ ብዬ…»

«ብያለሁ ወይ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ በኔ አፍ ተናገር ያለህ ማን ነው?» ድምፅዋ መንገድ ድረስ ተሰማ። «እነ እማዬ ሊድሩኝ ሲመክሩም ‹እሺ ብላለች› ብለህ የነገርካቸው አንተ ነህ። እኔ አልቅሼ እንቢ እንዳልኩህ እያወቅህ! ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ዝም አልኩ። ዛሬም በገዛ ደሞዜ ‹ብላለች› ትለኛለህ?»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ያን ያህል ዓመት አብሬያት ስሠራ ይሄን ነገር ነግራኝ አታውቅም። መልሰው አንገቱን ደፋ።

ዘከሪያ ቀጭኑን ያለ አንድ ክርክር ተቀበላት። የመረጠችው ግን ተሸጧል። እንደገና ደሟ ፈላ፤ እሱ ምን ያድርግ? ጓዳ ገብቶ ሌላ አመጣ፤ ያገለገለ ነው፣ ክዳኑ ተጭሯል፣ ውስጡ ግን ከዚያኛው አያንስም።

«አፍ አላምንም፤ ጌሙን ጫንና አሳየኝ» አለችው።

ጫነላት። ቻርጀሩን ነቅላ፣ ወንበር ስባ፣ ወንድሟ ፊት ለፊት ተቀምጣ ተጫወተች። ጥርሷን ነክሳ ነበር የምትጫወተው፤ ጎል አግብታም ፊቷ አልተፈታም። የላፕቶፑ ማራገቢያ ቢጮህም ምስሉ አልተንቀራፈፈም። በዚያው ላይ ለማስተርሱ የሚያስፈልጋትን የስታትስቲክስ ፕሮግራም አስጭና ከፈተችበት፤ እሱም ሠራ። ባትሪው ምን ያህል እንደወረደ አይታ «እወስደዋለሁ» አለች።

ስንወጣ መልሰው ተከተለን። «በቃ፣ አጥፍቻለሁ። ምሳ ልጋብዛችሁ።»

«ፑል ቤትህ ሂድ!» አለችውና መንገዱን ተሻገረች።

ያ ከሆነ ወራት አለፉ። የክረምቱን ትምህርት በላፕቶፑ ጨረሰች፤ ጌሙንም ትጫወታለች። መልሰው ሲደውል «ደህና ነኝ» ትለውና ትዘጋበታለች። እናቷ አማላጅ ልከው ነበር፤ ሰዎቹን አብልታ አጠጥታ ባዶ እጃቸውን ሸኘቻቸው። እኔም አንድ ቀን «ታላቅሽ ነው፣ ይቅር በይው» ብላት «አንቺም?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

ደግሜ አላነሣሁባትም።