የሸክላው አገር

ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ባለ አንድ ቻሪቲ ሾፕ፣ የተለገሰ ዕቃ ለበጎ አድራጎት በሚሸጥበት ሱቅ፣ በነፃ ማገልገል የጀመርኩት ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ልብስ የምሰቅል መስሎኝ ብሄድ የሙዚቃ ሸክላ ወደሚሸጥበት ጥግ መደቡኝ። እዚያ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ በልጅነታቸው ከጃማይካ የመጡ፣ ከሙዚቃ ሁሉ ብሉዝን፣ የጥቁር አሜሪካውያንን እንጉርጉሮ፣ የሚወዱ ሰው። የብሉዝ ሸክላዎቹን አሜሪካ ውስጥ በየመጡበት አገር ለይተው በመካከላቸው ካርቶን አቁመዋል። በካርቶኖቹ ላይ ዴልታ፣ ቴክሳስ፣ ቺካጎ ብለው በትልልቁ ጽፈዋል።

ስለ ብሉዝ የማውቀው ነገር ስላልነበረ "ይሄስ? ይሄኛውስ?" እያልኩ አደከምኳቸው። እሳቸው ግን ጥያቄ ይወዳሉ።

"የሚሲሲፒ ዴልታ ሰዎች ክሩ ላይ የጠርሙስ አንገት እያንሸራተቱ ጊታሩን ያስለቅሱታል" አሉኝ። "ቴክሳሶች ቀለል አድርገው አንድ አንዱን ክር ይለቅማሉ። ቺካጎ ከገባሽ ደግሞ ከበሮና ኤሌክትሪክ አለ።"

አንድ ማክሰኞ በካርቶን ተሞልቶ ከመጣ ስጦታ ውስጥ አንድ ሸክላ አነሳሁ። ጀርባውን ሳነብ ዘፋኙ ሚሲሲፒ ተወልዶ፣ ቴክሳስ የባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ጎርምሶ፣ ሸክላውን የቀረጸው ቺካጎ ነው።

"የት ላስገባው?" አልኳቸው።

ማጫወቻው ላይ አደረጉት። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያለቅስ "ዴልታ" አሉ። ሁለተኛው ሲጀምር "አይ፣ ቴክሳስ።" ሦስተኛው ላይ ከበሮው ሲገባ ሳቁ።

"እነዚህ ሰዎች ሥራ ፍለጋ ሲዞሩ ነው የኖሩት" አሉ። "ያልዞረውም የሌላውን ሸክላ እየሰማ ይማራል። ዴልታ፣ ቴክሳስ የሚለውን ስም እኮ ብዙውን ጊዜ የለጠፍንባቸው እኛ ሰብሳቢዎቹ ነን።"

"በእኛ አገር እንዲህ አያስቸግርም። አንዴ ከሰማሁ የየት እንደሆነ አውቃለሁ" አልኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ።

በማግስቱ የአገሬን ዘፈን ካሴት ይዤ መጣሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"የየት ነው?" አሉኝ።

"የወሎ።"

"በምን አወቅሽ?"

"በቃ... ሲሰማ ያስታውቃል" አልኩ።

እሁድ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባለው የለንደን ሰፈር ያሉ አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። በወጣትነታቸው ክራር ይመቱ ነበር። ካሴቱን አሰማኋቸውና "ጋሼ፣ ይሄ የወሎ ነው አይደል?" አልኳቸው።

"ዘፋኙ ጎጃም ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ነው" አሉኝ። "ወሎን በዓይኑ ማየቱንም እንጃ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ወሎ ወሎ የሚለኝ?"

"ቅኝቱ ባቲ ስለሆነ ነዋ። ባቲ የወሎ ከተማ ናት፤ በቅኝቱ ግን ጎንደሬውም ሸዌውም ይዘፍንበታል።" ጥቂት አሰቡና "ግን የወሎ ሰው ሲዘፍነው ይለያል" አሉ።

"እንዴት ነው የሚለየው?"

በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ለራሳቸው በለሆሳስ አንጎራጎሩ፤ አቆሙ፤ ደግሞ ሌላ ሞከሩ። "ልነግርሽ አልችልም" አሉ በመጨረሻ፣ ጥያቄው ከእኔ ይልቅ እሳቸውን አስጨንቋቸው።

ማክሰኞ ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያንን ሸክላ እኔ ዴልታ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቴክሳስ ውስጥ አገኘዋለሁ። ወደ ቺካጎ አዛውረዋለሁ፤ እሳቸው ይመልሱታል። ማናችንም አንነጋገርበትም። ለካ በየመካከሉ ደጋግመን እየሰማነው ኖሯል፤ እኔም ሳላስበው የጠርሙሱን አንገት ድምፅ ከጣት ድምፅ መለየት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ስመጣ ሸክላው የለም። እኔ በሌለሁበት ተሽጧል።

"ገዢው ከየትኛው ክፍል ነው ያነሳው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሻይ ሲያፈሉ እንደነበርና ገዢው ከየት እንዳነሳው እንዳላዩ ነገሩኝ። ሁለታችንም ቆጨን።