ጎሳው ያልታወቀ ገጽ

ነገሌ፣ ሳላሃዲን ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ ሁለት ሰዓት አለፈኝ። ዛሬ የሚሠራው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የኮሌጅ ዘበኛ ካፖርት የለበሱ አዛውንት ይዘውታል። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ፊት ለፊታቸው የተዘረጋው ደብተር ግማሹ በሴት ልጅ ጥርት ያለ እጅ ጽሑፍ የተሞላ የአዋላጅነት ትምህርት ነው። መሐል ላይ ድንገት ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሳቸው ነው፤ ስለ አዋላጅነት የሚያስተምሩ ድረ ገጾች አድራሻ፣ ከነነጥቡ ከነጭረቱ፣ በእስክሪብቶ እየተጫኑ የጻፉት።

ባለቤቱ ሳላሃዲን አዲስ ገጽ በከፈተላቸው ቁጥር ጥያቄያቸው ያው ነው።

«ማንበቡ በነጻ ነው?»

«በነጻ ነው፣ አባባ።»

«ማን ጻፈው? ጎሳውስ ምንድን ነው?»

ስም ከሌለው በኦሮምኛቸው «ላኪ! አይሆንም፣ ዝጋው!» ይላሉ። ስም ካለው ደግሞ ጎሳውን፣ ማለትም ሰውየው የት እንደሚያስተምር፣ ሳይነገራቸው ወይ ፍንክች! ቤታቸው እንግዳ የመጣ ይመስል!

አላስቻለኝም። «አባባ፣ ነገ የማስገባው ወረቀት አለብኝ እኮ! ተማሪው ራሱ እንዲህ አያጣራም!»

ቀስ ብለው ዞሩና ስልኬ ላይ ያወረድኩትን ጽሑፍ አዩ።

«ይሄንንስ ማን ጻፈው፣ ልጄ?»

ወደ ላይ ገፋሁት፤ ወደ ታች ገፋሁት። ስም የለውም።

«ልጄን ከኮሌጅ ያባረሯት እንዲህ ያለውን ገልብጣ ነው» አሉ፣ ደብተሩን እየከደኑ። «በሩ ላይ መታወቂያዋን የተቀበልኳት እኔ ነኝ።»