ሳልሰጥም ያዳኑኝ ዕለት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገጭ ወንዝ ዳር የቀመስኩትን ዱላ በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። የሚገርመው ደግሞ የደበደቡኝ ሰዎች ሊያድኑኝ ነበር የመጡት...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከተማ ሱቅ ስሠራ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ሳንቃ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ነው። ሰርፊንግ ይሉታል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ድንጋዩ ወደ ባሕሩ የገባበት ጫፍ አለ። ማዕበሉ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ነው የሚሰበረው፤ ዛሬም ሂድ ነገም ሂድ ይጠብቅሃል። እዚያ ስገባ ስደቱም የሱቁ ዘረፋም ይረሳኝ ነበር። ወደ ጎንደር ስመለስ ሰው ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲገባ እኔ ሳንቃዬን ተሸክሜ ገባሁ። እናቴ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ባሕር የለንም... ክረምት ግን አለን! መገጭ ሲሞላ፣ ከአዘዞ ወጣ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ፣ ውሃው ትልቅ ድንጋይ ላይ ይወጣና ወደ ኋላ ተገልብጦ ማዕበል ይሠራል። ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከባጃጅ ላይ ሆኜ ሳየው ልቤ ቀጥ አለች።

ቅዳሜ ጓደኛዬን ሀብታሙን ይዤ ሄድኩ። እሱ ዳር ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል፣ እኔ እገባለሁ። ውሃው ጭቃ ነው፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል።

«ተው ይቅርብህ፤ ይሄ እኮ ደርባን አይደለም» አለኝ።

አልሰማሁትም። ውሃው ደጋግሞ ገለበጠኝና በመጨረሻ ቆምኩ። ቆምኩ ስላችሁ! መገጭ ከእግሬ ሥር እየተንፈራገጠ፣ እኔ እጄን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከደስታዬ ብዛት ባለ በሌለ ድምፄ እጮህ ነበር።

ያስበላኝ ጩኸቱ ነው። ከአዘዞ ገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት አየችኝ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ሰው ውሃ ወሰደው! ኡኡ!»

እኛ አገር ኡኡታ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። አህያ የሚነዳው አህያውን ጥሎ፣ እህል የተሸከመውም እህሉን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሀብታሙ «አልሰጠመም! እየተጫወተ ነው!» እያለ ይስቃል። አንዱ ጎልማሳ፣ «ምነው አንተ አውሬ! ሰው ሲሞት ትስቃለህ?» ብሎ በጥፊ አጮለው። ስልኩ ውሃ ገባ። ይሄን ሀብታሙ ነው በኋላ የነገረኝ።

እኔ ያየሁት መጫኛ ነው፤ የአህያ ጭነት የሚታሰርበት የጠፍር ገመድ። ሸምቀቆ ሠርተው ወረወሩት፣ አንገቴ ላይ ገባ። ከዚያ ጎተቱት።

በግንባሬ ውሃው ላይ ተደፋሁ። ማዕበሉ ያላሰጠመኝን እኔን አዳኞቼ አሰጠሙኝ። ትንፋሼ ተቆረጠ፣ ድንጋይ ጉልበቴን ቀደደው፣ ጭቃ ጠጣሁ። አንድ ሽማግሌ ልብሳቸውን እንደለበሱ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ገቡና ደረሱብኝ። ገመዱን ካንገቴ ላላቅቅ እጄን ስሰድ አናቴን በዱላ አሉኝ! የሚሰጥም ሰው የሚያድነውን ጨብጦ ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ማደንዘዝ ነው አሉ።

ዳር አውጥተው በእግሬ ዘቀዘቁኝ። ጎረምሶች እግሬን ትከሻቸው ላይ ይዘው፣ ሽማግሌው ጀርባዬን በመዳፋቸው ይደልቃሉ።

«ትፋ! ውሃውን ትፋ እንጂ ልጄ!»

«ኧረ ደኅና ነኝ! ልቀቁኝ!»

«ይቃዣል፤ በለው አያ ሙላት!» ይሏቸዋል ጎረምሶቹ ሽማግሌውን።

እንደተዘቀዘቅኩ ሳይ፣ አንዱ ከገበያ በገዛው አዲስ መጥረቢያ ውሃው ዳር የተፋውን ሳንቃዬን ለሁለት ሰነጠቀው። «ይቺ ናት የወሰደችው!» ይላል።

ደሜ ፈላ። መሬት እንዳስቀመጡኝ ተነሳሁና ቅርቤ የነበሩትን አያ ሙላትን አፋቸው ላይ በቡጢ አልኳቸው።

አያ ሙላት መዳፋቸው ላይ ደም ተፉ፤ ጥርስ አብሮ ወጣ። የአባቴን እኩያ መትቻለሁ፤ ያውም እኔን ብሎ ሙሉ ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው። ዱላው ሁሉ ባንዴ ወረደብኝ። ጀርባዬን፣ ክንዴን፣ ጭንቅላቴን... ባለመጥረቢያው ሲመጣ አየሁና በቃ ሞትኩ አልኩ።

የሆነ ከባድ ነገር ላዬ ላይ ወደቀ። አያ ሙላት ናቸው፤ በገላቸው ከለሉኝ።

«ተውት! ተውት ብያለሁ! የኔ ልጅ አይበቃም?» ብለው ጮኹ።

ዱላው ቀስ በቀስ ቆመ። ደማቸው ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል።

«ልጄን መገጭ እዚህ ነው የወሰደብኝ» አሉኝ። «እንዳንተ እጁን ዘርግቶ ይጮህ ነበር። የሚጫወት መስሎን... ቆመን አየነው። ስቀንም ነበር።»

ሀብታሙ ጉንጩን ይዞ መሬት መሬት ያያል። እኔ አለቀስኩ። ከሕመሙ ይሁን ከሐፍረቱ አላውቅም፤ ብቻ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንደ አገሩ ደንብ ማጅራቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ፣ አስታራቂ ሽማግሌ ይዤ አያ ሙላት ደጃፍ ላይ አጎነበስኩ። አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ።

«አውርድ። ይቅር ለእግዜር» አሉ። ከንፈራቸው አብጧል። «ሸጋ ልጅ ነህ። ግን ዳግመኛ መገጭ ውስጥ እጅህን ዘርግተህ እንዳላይህ። እየተጫወትክ መሆኑን ባውቅም አያስችለኝም... እጎትትሃለሁ።»

እጅ ሳይዘረጉ ማዕበል ላይ መቆም አይቻልም፤ ስለዚህ መገጭን ለአያ ሙላት ትቼላቸዋለሁ።