እርጥብ ጨርቅ በሁዳዴ

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አሥረኛ ክፍልን ስጨርስ ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ ለመንገድ ሥራ ጠጠር የሚፈጭ ማሽን ተተክሎ ነበርና የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። አካፋ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ አስፈርሜ እሰጣለሁ። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ድንጋይ ይጨምራል።

አቧራው ከታች ያለውን የባቄላ ማሳ ከነአበባው አመድ ያለብሰዋል። ወንዶቹ ማታ ወደ ቤት የሚመለሱት ቅንድባቸው ሸብቶ ነው። ማሽኑ ውሃ እየተረጨ መሥራት ነበረበት፤ የውሃው ቦቴ ግን ሁልጊዜ ለመንገዱ ይፈለጋል። ስለዚህ ፎርማኑ፣ ጨርቃችሁን አርጥባችሁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ ብሎ አዘዘ።

ሁዳዴ እስኪገባ ድረስ ሁሉም ይሸፍን ነበር። በሁዳዴ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ከንፈር አይነካም። ከእርጥቡ ጨርቅ አንዲት ጠብታ አፋችን ብትገባ ጾማችን ፈረሰ ብለው ጨርቁን አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።

«ጋሼ፣ ጨርቅህን» እለዋለሁ ወንድሜን።

«እህት አለም፣ ስምንት ሰዓት ሆኗል እኮ። አንዲት ሰዓት ብትታገሺኝ ምናለ?»

አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ይስቃል። «ደብተራዋ መጣች! ዛሬስ አፍ የሚያስር ድግምት ይዘሽ ነው?»

«ድግምት አይደለም፣ ጨርቅ ነው።»

«እንግዲያማ በደረቁ ስጭን።»

ያልሸፈነውን ሰው ሁሉ በየቀኑ መዝገብ ላይ አሰፍር ነበር። ፎርማኑም ይፈርምበትና ይዘጋዋል። ጽሕፈቴ ስርዝ ድልዝ አልነበረበትም። ያላደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኔም የወንድሜም የነፍስ አባት የሆኑትን ቄስ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የሰዎቹ ነገር ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር ጠርጥሬያለሁ። ግን ቄስን ስለ ጾም ሥርዓት ለመሞገት እኔ ማን ነኝ? መጀመሪያ ከመጽሐፍ አገላብጬ ማስረጃ ላግኝ እያልኩ ሦስት ሁዳዴ አለፈ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወንድሜ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳያርፍ መውጣት አቃተው። ደብረ ማርቆስ ወስጄ ራጅ አስነሣሁት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ብዙ አየው። «የድንጋይ አቧራ ነው። ሳንባው ጠባሳ ይዟል። መድኃኒቱ ሳሉን ያስታግስለታል እንጂ ጠባሳውን አያጠፋውም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ቄሱ ዘንድ የሄድኩት። አጎንብሼ መስቀል ተሳለምኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አባቴ፣ እርጥብ ጨርቅ ጾም ይሽራል?»

«አይሽርም፣ ልጄ። ጨርቅ ማን ይውጣል? ሰው የሚጾመው ከእህልና ከውሃ ነው እንጂ ከትንፋሽ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ምነው ሳትጠይቂኝ?»

መስቀላቸውን እንደገና ተሳልሜ ወጣሁ።

በሰኔው ጾም ቄሱ ማሽኑ ድረስ መጡ። ስብከት አልሰበኩም። ከባልዲው ጨርቅ ነክረው ጨመቁና አፋቸው ላይ አስረው፣ አቧራው መሐል ቆሙ። መጀመሪያ እጁን የዘረጋው ያ ቀልደኛ ነው። «በይ ደብተራዋ፣ የእኔንም ንከሪልኝ» አለ። ሳይስቅ ነው ያለው። ወንድሜ በዚያን ጊዜ ሥራውን ትቶ ቤት ውሏል።

ጨርቁ ብቻውን ያድነው ነበር ወይ? እንጃ። ሐኪሙንም ጠይቄው ነበር፤ ከምንም ይሻል ነበር ነው ያለኝ። የማላውቀውን አልጽፍም።

ዘንድሮም ሁዳዴ ገብቷል። ወንድሜን ቄሱ ራሳቸው ከጾም ፈትተውታል፤ መድኃኒቱን ጠዋት በውሃ መዋጥ አለበት። ከንፈሩን በጨርቅ ላለማርጠብ ሲጠነቀቅ ለነበረው ሰው አሁን ኩባያውን የማቀርብለት እኔ ነኝ።

«ዞር በይልኝ» ይለኛል።

ዞር እልለታለሁ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሲውጥ እስክሰማ ድረስ እዚያው እቆማለሁ።