በወንድሜ ያላከክኩት ጥይት

ጥይት ሲመታህ ምን ትሰማለህ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አብዛኞቹ መልሱን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ድው አለ እንድላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ተኩስ አልሰማሁም። የሰማሁት የራሴን ጩኸት ነው።

ቡታጅራ ውስጥ እኔና ታናሽ ወንድሜ የበርና የመስኮት ብረት የምንሠራበት ቤት አለን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እበይዳለሁ። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ለእኔ ግን ዛሬም የሚቆጡት ልጅ ነው። አንድ ክፉ ልማድ ነበረው። የግራይንደሩን፣ የብረት መቁረጫውን፣ መከላከያ ክዳን ፈትቶ ከልኩ በላይ የሆነ የመቁረጫ ዲስክ ይገጥማል፤ ወፍራም ብረት ቶሎ ይቆርጥልኛል ባይ ነው። የእኛ ሙያ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ አድርጌዋለሁ። እሱን ግን ዲስኩ ተሰብሮ ሰው ይመታል እያልኩ በየቀኑ እቆጣው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎንበስ ብዬ የበር ማጠፊያ ስበይድ፣ ትከሻዬን በመዶሻ የመቱኝ ያህል ተሰማኝ። መጀመሪያ ሞቀኝ እንጂ አላመመኝም። የግራይንደሩ ጩኸት ጆሮዬን ሞልቶት ነበር፤ ወዲያው ጸጥ አለ። ዞር ስል ወንድሜ ደንግጦ ግራይንደሩን ከእጁ ለቆታል፣ ዲስኩም ሲሚንቶው ላይ ተሰባብሯል። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

"ስንት ጊዜ ነገርኩህ?" ብዬ ጮህኩበት።

ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ጮኸ አለኝ። ሰበብ አታብዛ አልኩት። ሸሚዙን አውልቆ ቁስሌን ጠቅልሎ ክሊኒክ ወሰደኝ። የብረት ሠራተኛ ዲስክ መታኝ ካለ ማን ይጠራጠራል? አጥበው አሽገው ሸኙን።

ሰኞ ወንድሜ ሽማግሌ ላከብኝ። በእኛ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ሰው፣ የገዛ ወንድሙን ደም ቢሆንም፣ እንዲሁ ሰተት ብሎ አይገባም። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለተኛው ሙስሊሙ ጎረቤታችን፣ ቆርቆሮ ነጋዴው። ወንድሜ ከኋላቸው በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ አለ። እኔም ትራስ ተደግፌ፣ ትንሽ ወቅሼ፣ ትንሽ መክሬ፣ ይቅር አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ይቅር ባይ መሆኑ ጥሞኝ ነበር። እሱ ግን ወደ ሥራ አልመለስም አለ። እጄን አላምነውም፣ ቡኢ ከተማ ሄጄ ሌላ እንጀራ እፈልጋለሁ ብሎ ወጣ።

ረቡዕ ትከሻዬ አብጦ ትኩሳት ያዘኝና ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ፣ ማን ተኩሶብህ ነው አለኝ። ዲስክ ነው አልኩት። በጣቱ አሳየኝ። ከአጥንቱ ሥር አንዲት ሹል ነገር ተኝታለች።

ጥይቱ ወጥቶልኝ ወደ ሥራ ቤቱ ስመለስ ቀና ብዬ አየሁ። ቆርቆሮው ተበስቶ ፀሐይ ያስገባል። ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ የተኮሰውን ሰው እስከ ዛሬ አላወቅንም። እኔ ግን ያን ጊዜ የሚያሳስበኝ ተኳሹ አልነበረም።

እነዚያኑ ሽማግሌዎች አሁን ደግሞ ለእኔ እንዲያማልዱ ለመንኳቸው። ቆርቆሮ ነጋዴው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ በዚህ ሳምንት ከእናንተ ሌላ ሥራ የለንም አሉ። ወንድሜ ልብሱን ለመንገድ ሲያሰናዳ ደረስንበት። በሩ ላይ አንገቴን ደፍቼ የምቆመው አሁን እኔ ሆንኩ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አስረዱት። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በደህናው ትከሻዬ ያዘኝ። ለምን ደግመህ አልነገርከኝም አልኩት።

"ጋሼ፣ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ በጆሮዬ ሰምቼው ነበር" አለኝ። "አንተ ስትቆጣኝ ግን ያልሰማሁ መሰለኝ።"

በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ገባ። የግራይንደሩን ክዳን ማንም ሳይነግረው ገጥሞት ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ያላጠፋውን ጥፋት አሁንም እንደተሸከመ ሳይ አንጀቴን በላው።