ሠላሳ አንድ ቁጥርን ያሳደደችው ፎቶ አንሺ

ሙሽራ በማንሳት የታወቀች ፎቶ አንሺ ነበረች። ፊቴ ጠቆረ፣ አፍንጫዬ ሰፋ እያለ የሚነጫነጨውን ደንበኛ ሁሉ ስቃ አስቃ ትሸኘዋለች። የፎቶ ቤቷ መስኮት ከዳር እስከ ዳር በሙሽሮች ተሞልቶ ነበር። አንድ ቀን እነዚያን ሙሽሮች አውርዳ በምትካቸው የአውቶቡስ ፎቶ ስትሰቅል ሰፈሩ "አበደች" አለ። አላበደችም። ቂም ይዛ ነው።

ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከሠላሳ አንድ ቁጥር አውቶቡስ ስትወርድ፣ ሁለተኛው እግሯ መሬት ሳይረግጥ ሾፌሩ ነዳው። እጀታውን እንደያዘች በሌላ እጇ በሩን እየደበደበች ተጎተተች፤ ከዚያ ወደቀች፣ የኋላው ጎማም ወጣባት። ሐኪሞቹ ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። የስፌት መኪናዋ ደግሞ በእግር የሚረገጥ ነበር።

ሾፌሩን በመንገዱ ላይ ሁሉም "ነፋሱ" ነው የሚሉት፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ፍርድ ቤት ቀርቦ "መኪናው ሳይቆም ዘላ ወረደች" አለ። ትኬት ቆራጩም "እውነቱን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ መሰከረለት። ሌላው ተሳፋሪ ተበትኗል፣ ከየት ይምጣ? ነፋሱ በነፃ ተለቀቀ። እህትማማቾቹ ይግባኝ አሉ፤ ይግባኙ ግን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይንከባለል ጀመር።

ነፋሱ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሲወርድ፣ ኮሌታውን እያስተካከለ ትኬት ቆራጩን "ቶሎ በል ባክህ፣ ተራዬ ደርሷል" አለው። ፎቶ አንሺዋ ከኋላው ነበረች። ሰማችው።

"ተራህማ ደርሷል" አለች በሆዷ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቱን ትዘጋለች። ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሠላሳ አንድ ቁጥር መንገድ ከፌርማታ ፌርማታ ትዞራለች። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁባት። "እትዬ ፍላሽ" ብለው ስም አወጡላት፤ በመስኮት ብቅ እያሉ "እኔንም አንሺኝ፣ የሚስት ያለህ እያልኩ ነው!" ይሏታል። ፈገግ ብላ ታነሳቸዋለች። እሷ የምትጠብቀው አንድ ሰው ነው።

ነፋሱ አመሉን አልተወም። በሩ ሳይዘጋ ነው የሚነሳው። አንድ ሽማግሌ አንድ እግራቸው መወጣጫው ላይ፣ ሌላው አየር ላይ ሆኖ፣ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ሲበር አነሳቻቸው። ፎቶውን አሳድጋ መስኮቱ መሃል ሰቀለችው። ከሥሩ የአውቶቡሱን ቁጥርና የፌርማታውን ስም ብቻ ጻፈች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማየት ጀመረ። "ይሄ ነፋሱ አይደል እንዴ?" ተባለ።

እህቷ ግን አልወደደችውም። አሁን የምትውለው ፎቶ ቤት ነው፤ የታተሙትን የመታወቂያ ፎቶዎች በመቀስ እየቆረጠች።

"እታለም፣ ተይው በናትሽ" አለቻት። "ሰው ሁሉ መጀመሪያ መስኮቱን ያያል፣ ቀጥሎ የኔን እግር። እኔንኮ ነው መስኮት ላይ የሰቀልሽው።"

"አንቺን አይደለም የሰቀልኩት። እሱን ነው።"

"መቼ ነው የሚበቃሽ?"

"እንጃ" አለች ታላቅየዋ። ሌንሷን እየጠረገች ነበር።

የአውቶቡስ ድርጅቱ ስሙ ሲነሳ ጊዜ ነፋሱን ከከተማ አውጥቶ ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ መደበው። ከዓይን የራቀ መሰላቸው። እሷ ደግሞ ከሙሽሮቹ የተረፈውን ደንበኛ ለእህቷ ትታ፣ ረጅሙን ሌንስ ገዝታ ተከተለችው። በየክፍለ ሀገሩ አውራ ጎዳና፣ ድልድይ ሥር፣ ዳገት አናት ላይ፣ ነዳጅ ማደያ ጥግ ትቆማለች። ፀሐይ ፊቷን አከሰለው፤ አቧራው ከጉሮሮዋ አልወጣ አለ። ደከመኝ ስትል ያ የኮሌታ ማስተካከል ዓይኗ ላይ ይመጣል፣ እንደገና ትነሳለች።

በመጨረሻ አንድ ጠመዝማዛ ላይ አገኘችው። የጭነት መኪና ሊቀድም መስመር ጥሶ ወጥቷል፤ ከፊት ለፊቱ ሌላ አውቶቡስ እየመጣ ነው። እሱ ለጥቂት ወደ መስመሩ ተመልሶ ገባ፣ ሁሉም ተረፉ። ፎቶው ላይ ግን የተሳፋሪዎቹ ፊት በየመስኮቱ ይታያል፤ አንዲት እናት የልጇን ዓይን በእጇ ሸፍናለች።

ይሄኛው ከመስኮቱ አልፎ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። የተሳፋሪ ዘመዶች ድርጅቱ በር ላይ ተሰብስበው ጮኹ። ነፋሱ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ከሥራም ተባረረ። ያን ቀን ፎቶ አንሺዋ ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ጥቂት ሰንብቶ ነፋሱ ራሱ ፎቶ ቤቱ መጣ። ከስቷል፤ ኮሌታው ለአንገቱ ሰፍቷል።

"እትዬ፣ ይብቃዎት" አላት። "መጋዘን ጥበቃ እንኳ የሚቀጥረኝ አጣሁ። ልጄን ትምህርት ቤት በኔ ይሰድቡታል። ፎቶዎቹን ያውርዱልኝ።"

"እህቴን አይተሃታል?" አለችው። እህትየዋ ከጥግ፣ መቀሱን እንደያዘች፣ ቀና አለች።

"በሩን ስደበድብ ሰምተኸኝ ነበር?" ስትል ጠየቀችው።

ነፋሱ ወለሉን አየ።

"ሰምቻለሁ" አለ። "ቸኩዬ ነበር። ዘላ ወረደች በል ያለኝ የድርጅቱ ጠበቃ ነው። ያኔ ከጎንህ ነን አሉኝ፣ አሁን በሩንም አይከፍቱልኝም።"

"ይሄን ለዳኛው ትናገራለህ" አለች ፎቶ አንሺዋ።

"ያስሩኛላ!"

"ያስሩህ። የተናገርክ ዕለት ፎቶዎቹን አወርዳለሁ። ካልሆነ ግን የልጅህ ልጆችም ያዩታል።"

ተሳድቦ፣ በሩን አላትሞ ወጣ። የይግባኙ ቀጠሮ ሲደርስ ግን መጣ። ዳኛው ፊት ቆሞ፣ የድርጅቱን ጠበቃ በክፉ ዓይን እያየ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። እስራት ተፈረደበት፤ ድርጅቱም እህትየዋን እንዲክስ ተወሰነ። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ፎቶ አንሺዋ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። አላዘነችለትም። ታዝናለች ብላ የጠበቀችው እህቷ ነበረች።

በቃሏ መሠረት ፎቶዎቹን አወረደች። በማግሥቱ ጠዋት ግን እህቷ ስትነሳ፣ ካሜራው ከነረጅሙ ሌንስ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ አገኘችው።

"ደግሞ ወዴት ነው?"

"በዓይኔ አይቻለሁ ያለው ሰውዬ" አለች ታላቅየዋ፣ ባትሪውን እየከተተች። "ትኬት ቆራጩ። አሁን አርባ ሰባት ቁጥር ላይ ነው አሉ።"

እህቷ ተይው ልትላት ነበር። ግን ክራንቿን ሳበች።

"ቆይ፣ ጫማዬን ላድርግ" አለች። "መልኩን ካንቺ ይበልጥ የማውቀው እኔ ነኝ።"