ስለ ሮማዊው ወታደር የተጠየቅሁት

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዘ በቆሎና የማዳበሪያ ሽታ ነው። ቀጥሎ ግድግዳው ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ከተቀመጡበት ከረጢት ላይ ፈቀቅ ብለው ግማሹን ለቀቁልኝ።

"አብሽር፤ እዚህ ሁን፣ ሲሚንቶው ይበርዳል" አሉኝ። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

ነቀምቴ ካለው ቤቴ የወሰዱኝ ከሰዓት በኋላ፣ የተማሪ ፈተና ሳርም ነው። የታሪክ መምህር ነኝ። ስልኬን፣ ደብተሮቼንና አሥራ አንድ ጥንታዊ የብር ሳንቲሞቼን ይዘው ሄዱ። ሳንቲሞቹን ሮም ሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ከእሑድ ገበያ እየገዛች በመንገደኛ ትልክልኝ ነበር። ሁሉም ላይ ያለው አንድ ሰው ነው፤ ከተራ ወታደርነት ተነስቶ የሮም ንጉሠ ነገሥት የሆነ። የነገሠው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ላይ መልኩ የማንም ንጉሥ መልክ ነው። በኋለኞቹ ላይ ግን አገጩ ወጥቶ፣ ግንባሩ ተሸብሽቦ ራሱን ይመስላል። ያንን ለውጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማሟላት ነበር ምኞቴ።

ሽማግሌው የጊዳ አያና ወረዳ ገበሬ ናቸው። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ሰፈሩ። መንደራቸው ተቃጥሎ በእግር ወደ ነቀምቴ ሲመጡ ኬላ ላይ ተያዙ። ጠዋት ዘበኛው በር ሲከፍት የኦሮምኛውን የጠዋት ሰላምታ በወሎ ቃና "አካም ቡልተኒ" ይሉታል፣ እንደ ጎረቤት። እሱ ግን በሩን መልሶ ይዘጋል።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ጠራኝ። ሳንቲሞቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

የሮም ንጉሥ መሆኑን፣ ከሞተም አሥራ ሰባት መቶ ዓመት እንዳለፈው ነገርኩት። ጀርባውን ገልብጦ በሁለት የጦር ሰንደቆች መካከል የቆመውን ምስል አሳየኝና የየትኛው ቡድን ምልክት እንደሆነ ጠየቀኝ። ጽሑፉ "የሠራዊቱ ታማኝነት" እንደሚል ተረጎምኩለት።

"እንዴት ሞተ?"

"የገዛ ወታደሮቹ ገደሉት።"

ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ታሪክ የነገርኩት መስሎኝ ነበር፤ እሱ የሰማው ግን ማስፈራሪያ ነው። ወደ ክፍሉ የመለሱኝ በሁለት ሰው ተደግፌ ነው። ሽማግሌው በሚጠጡት ውኃ ፎጣቸውን እያራሱ የተገረፈ እግሬን ጠቀለሉልኝ።

በማግሥቱ የተዘጋጀ ወረቀት ቀረበልኝ። ሳንቲሞቹን ከታጣቂዎች ተቀብለው ያመጡልኝ ሽማግሌው ናቸው ይላል።

"ፈርም፤ ዛሬ ቤትህ ታድራለህ" አለኝ መርማሪው።

ባለቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ልፈርም አስቤ ነበር፤ ዛሬ ይህን አልደብቅም። ከዚያ ከጽሑፉ ሥር "እኚህን ሰው ያወቅኋቸው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው" ብዬ ጻፍኩ። የራሴን ዓረፍተ ነገር ፈረምኩ። መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን ቀደደው።

ሽማግሌውን በሳምንቱ ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ስለ ወረቀቱም አልነገርኳቸውም። ልጄ ስትወለድ እኔ እዚያው ነበርኩ።

አሁን ተፈትቼ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ሳንቲሞቹ አልተመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ባለፈው ዓመት ለፈተና ጥበቃ ጊዳ አያና ሄጄ ስለ ሽማግሌው አጠያይቄ ነበር። አንዲት ነጋዴ ቤተሰቡ ወደ ወሎ መመለሱን ነገረችኝ፤ እሳቸው አብረው ይሁኑ አይሁኑ ግን አታውቅም።

ባለቤቴ ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አንስታብኛለች።

"ፈርመህ ቢሆን ስወልድ አጠገቤ ትሆን ነበር" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።